ምዕራፍ ሰባት፦ ከጌይን በፊት የሚቀነሰው

አንድ የሜታል ጊታር ተጫዋች ወፍራሙን ክር በመዳፉ አፍኖ ሲመታ፣ በገመዱ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ከዚህ ተነስተን ቀላል ስሌት እንሥራ። በጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ ያለች አንዲት የማጉያ ደረጃ የገባላትን ምልክት ሃምሳ እጥፍ ያህል ታሳድጋለች። 0.1 ቮልት ሲገባ 5 ቮልት ይወጣል። ያንን 5 ቮልት ለሁለተኛው ደረጃ ብንሰጠው 250 ቮልት ይሆናል። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሂሳቡ 12,500 ቮልት ይላል። ይህ ግን አይሆንም፤ ደረጃው ራሱ የሚሠራው 300 ቮልት ገደማ በሆነ ኤሌክትሪክ ነውና ከዚያ በላይ የሚሰጠው የለውም። ስለዚህ የሞገዱ አናትና ግርጌ ይቆረጣል። በሜታል ሙዚቃ የምንሰማው የሚያጉረመርም፣ ሸካራ፣ ደረት የሚገፋ ድምፅ የሚወለደው ከዚህ መቆረጥ ነው።

ሃይ ጌይን የሚባሉት አምፕሊፋየሮች ሥራ እንግዲህ ትንሿን ምልክት ደጋግሞ ማጉላትና ደጋግሞ መቁረጥ ነው። ስለ እነሱ ሲወራ ግን ሁልጊዜ የሚነሳው ማጉላቱ ብቻ ነው። ስንት ቲዩብ አለው፣ ስንት ዋት ነው፣ ጌይኑ እስከ የት ይሄዳል ይባላል። እኔ በዚህ ምዕራፍ የምለው ሌላ ነው። ምርጦቹን ምርጥ ያደረጋቸው በአንዱ ደረጃና በሚቀጥለው መካከል ምን መቀነስ እንዳለበት ሠሪዎቻቸው ማወቃቸው ነው። የሜታል ጊታር ድምፅ ታሪክም በአመዛኙ መቀነስን የመማር ታሪክ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።)

ቲዩቧን ቀረብ ብለን እንያት። በጊታር አምፕሊፋየሮች ውስጥ ከሁሉም በላይ የምትገኘው 12ኤኤክስ7 የምትባለው ናት፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሏታል። ቁመቷ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እግሮቿ ዘጠኝ፣ ውስጧ ያለው አየር ተመጥጦ የወጣ የመስታወት ጠርሙስ ናት። መሃሏ ያለችው ቀጭን ሽቦ ስትግል ካቶድ የሚባለውን ብረት ታሞቀዋለች፤ የሞቀው ብረት ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። በዙሪያው ያለው ፕሌት ከ200 ቮልት በላይ ፖዘቲቭ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባል። በሁለቱ መካከል ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ፍርግርግ አለ፤ የጊታሩ ምልክት የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ፍርግርጉ ወደ ኔጌቲቭ ሲያዘነብል ኤሌክትሮኖቹ ይታገዳሉ፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይለቀቃሉ። ፍርግርጉ ላይ የምትደረግ ትንሽ ለውጥ ፕሌቱ ጋ ትልቅ ለውጥ ሆና ትወጣለች። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ይህን ፍርግርግ ሲጨምር ያሰበው ስለ ራዲዮ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚባል ነገር በዓለም ላይ ገና አልነበረም። በአንዲት 12ኤኤክስ7 ጠርሙስ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት ማጉያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሦስት ትንንሽ ቲዩብ ያለው አምፕሊፋየር እስከ ስድስት ደረጃ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

የተቆረጠ ሞገድ ጆሮ ላይ ለምን ይወፍራል? የጊታሩ ታችኛ ክር በተለመደው ቅኝት በሰከንድ 82.4 ጊዜ ይወዛወዛል። ሞገዱ ሲቆረጥ የዚህ ቁጥር ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ የሆኑት ድምፆች፣ ሀርሞኒክ የሚባሉት፣ ይበረታሉ፤ ያልነበሩትም ይጨመራሉ። በገና የሰማ ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል። በክሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ክሩ ሲወዛወዝ እየነካው ያንን የሚነዝር ድምፅ ይሰጠዋል፤ እንዚራው ቢወጣ ክሩ ደብዛዛ ሆኖ ቶሎ ይጠፋል። የበገና ቦታው ሌላ ነው፣ ለጸሎት ነው። የፊዚክሱ ጉዳይ ግን አንድ ነው፦ ወፍራም ክር ጎልቶ የሚሰማው ከበላዩ ያሉት ሀርሞኒኮች ሲበረቱለት ነው።

ይህ አንድ ኖታ ብቻ ሲመታ ነው። ሁለት ኖታ አብሮ ሲገባ መቆረጡ ሌላም ሥራ ይሠራል፤ የሁለቱን ድምርና ልዩነት አዲስ ድምፅ አድርጎ ይፈጥራል። ሜታል የቆመበትን ፓወር ኮርድ እንመልከት። ታችኛው ኖታ 82.4 ሄርዝ፣ ከሱ አምስተኛው ኖታ ደግሞ 123.5 ሄርዝ ነው። ልዩነታቸው 41.1 ይመጣል። ይህ የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር የሚሰጠው ኖታ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ጊታሩ ራሱ ከሚወርድበት አንድ ሙሉ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ነው። ማንም አልመታውም፤ የፈጠረው አምፕሊፋየሩ ነው። የጊታር ስፒከር 41 ሄርዝን በደንብ ባያወጣው እንኳ የዚያ ኖታ ሀርሞኒኮች ስለሚሰሙ ጆሮ ታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ድምራቸው 206 ሄርዝ ገደማ ነው፤ እሱም ለኮርዱ ባዕድ አይደለም። ሁለት ጣት ብቻ የሚይዘው ኮርድ እንደ ግንብ የሚገዝፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ከአምስተኛው ይልቅ ማይነር ሦስተኛውን እንያዝ። 82.4 እና 98 ሄርዝ። ልዩነቱ 15.6 ነው፤ ይህ ከጆሮ አቅም በታች ስለሆነ እንደ ድምፅ አይሰማም፣ እንደ መንቀጥቀጥ እንጂ። ድምሩ 180 ገደማ ነው፤ በሁለት ኖታዎች መካከል የወደቀ፣ የትም የማይገጥም ድምፅ። ኮርዱ ይደፈርሳል። የሜታል ሰዎች ሙሉ ኮርድ ትተው አምስተኛ ላይ የተከማቹት ከስንፍና አይደለም፤ መሣሪያው የሚቀበለውን ስለሰጡት ነው። ይህ በእኛ ቅኝቶች ላይ በዲስቶርሽን፣ ማለትም ከመቆረጡ በሚመጣው መዛባት፣ መጫወት ለሚፈልግ ሰውም ይጠቅማል። ትዝታ ሜጀር ላይ ከመነሻው ኖታ አምስተኛው በቅኝቱ ውስጥ ስላለ ፓወር ኮርዱ ያለ ችግር ይቀመጣል። አንቺሆዬ ላይ ግን ከመነሻው ኖታ በላይ ንጹሕ አምስተኛ የለም፤ ኮርዱን ለመሥራት ከቅኝቱ መውጣት ግድ ነው። ስለዚህ አንቺሆዬን በከባድ ጌይን መጫወት የሚሻ ሰው ነጠላ ዜማ ቢመርጥ ይሻለዋል። ጃኖ ባንድ በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ባወጣው «ኤርታሌ» አልበም የሮክ ጊታርን ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር ሲያገናኝ ይህ ጥያቄ በአገራችን መድረክ ላይም የሚነሳ ሆኗል።

መዛባቱ መጀመሪያ ላይ የሚፈለግ ነገር አልነበረም። አምፕሊፋየር ሠሪዎች ሊያጠፉት ይታገሉ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ናቸው የወደዱት። የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ በ1964 ለወጣው ዘፈናቸው የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር ወረቀት በምላጭ ቀድዶታል። በዚያው ዘመን በምዕራብ ለንደን ሃንዌል ሰፈር፣ የከበሮ መምህርና የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት የነበረው ጂም ማርሻል፣ ከቴክኒሻኖቹ ከኬን ብራንና ከደድሊ ክሬቭን ጋር የአሜሪካኑን ፌንደር ቤዝማን ሰርኪት መነሻ አድርጎ በ1962 የራሱን አምፕሊፋየር አወጣ። ልዩነታቸው ጥቂት ነበር። ከልዩነቶቹ አንዱ ግን ወሳኝ ሆነ፦ ፌንደር በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ጌይኗ አነስ ያለ 12ኤዋይ7 ተክሎ ነበር፤ ማርሻል በቦታዋ 12ኤኤክስ7 አስገባ። በ1965 የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንሼንድ ከዚህ የበለጠ ኃይል ሲጠይቅ 100 ዋቱ ማርሻል ተወለደ።

የሜታልን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው ሰው ግን ከበርሚንግሃም ነው። ቶኒ አዮሚ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ከሥራው በሚለቅበት የመጨረሻ ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት እጁ ያ ነው። ከፕላስቲክ ጠርሙስ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክሮች ፈለገ፣ ቆየት ብሎም ቅኝቱን አወረደ። የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም በየካቲት 1970 ሲወጣ የዓለም ጆሮ ያ ክብደት ላይ አረፈ። አዮሚ የተጠቀመው እዚያው በከተማው በተቋቋመው በሌኒ ኩባንያ አምፕሊፋየር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከአምፕሊፋየሩ በፊት ዳላስ ሬንጅማስተር የምትባል ትንሽ ሳጥን ነበረችው፤ ሥራዋም ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርጋ፣ ወፍራሙን ወደ ኋላ ትታ፣ ምልክቱን አጠንክራ ወደ ቲዩቡ መስደድ ነው። ያን ሁሉ ክብደት የምንሰማበት ጊታር ወደ አምፕሊፋየሩ የገባው ወፍራም ድምፁ ተቀንሶ ነበር። የምዕራፋችን ጉዳይ ገና ከመጀመሪያው ቀን እዚያ አለ።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን የሚያስረዳው ነገር የሞገዱ ስፋት ነው። ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ ብዙ ጉልበት ይይዛል። ሁለቱ አብረው ወደ ተጨናነቀ ቲዩብ ሲገቡ ቀድሞ የሚቆረጠው የወፍራሙ አናት ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ፣ ፒኩ ክሩን ሲነካ የሚሰማው ጥራት ያለበት፣ በዚያ ላይ ተሳፍሮ አብሮ ይቆረጣል። ውጤቱ ቤዙ እየነፋ ፒኩ የሚጠፋበት ድምፅ ነው። ወፍራሙ ቀድሞ ከተቀነሰ ግን የሚቆረጠው መካከለኛው ድምፅ ይሆናል፤ እሱ ሲቆረጥ ጥርት ብሎ ይቆረጣል። ወፍራሙን ከተፈለገ በኋላ መመለስ ይቻላል።

ሌላም ጉዳት አለ፣ ለፈጣን ሙዚቃ ከዚህ የከፋ። በደረጃዎቹ መካከል ምልክቱን የሚያሻግር ካፓሲተር አለ። ፍርግርጉ ከመጠን በላይ ሲገፋ ኤሌክትሮኖች ወደ ፍርግርጉ ራሱ ይፈሳሉ፣ ካፓሲተሩም ይሞላል። እስኪጎድል ድረስ ቲዩቧ ለቅጽበት ትታፈናለች። ካፓሲተሩ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ የሚጎድልበት ሬዚስተር 1 ሜጋኦም ከሆነ ጊዜው 100 ሚሊሰከንድ ነው። በደቂቃ 200 ምት በሚሄድ ዘፈን ውስጥ በአንዱ ምት አራት ጊዜ የሚመታ ተጫዋች ግን በየ75 ሚሊሰከንዱ ፒኩን ያሳርፋል። ቲዩቧ ከመጀመሪያው ሳታገግም ሁለተኛው ደረሰ ማለት ነው። ካፓሲተሩ 0.022 ማይክሮፋራድ ሲሆን ጊዜው ወደ 22 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፤ በየምቱ መካከል ትንፋሽ ይገኛል። ዋጋዋ እጅግ ትንሽ የሆነች ይህች ዕቃ በሁለት አምፕሊፋየሮች መካከል የሰማይና የምድር ልዩነት ታመጣለች። አምፕሊፋየር የሚሠሩ ሰዎች ሰርኪት ሲያዩ መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው እዚህ ላይ ቢሆን አይደንቅም።

የማርሻል ትውልድ ግን ሌላ ችግር ነበረበት። የሚያምረው ድምፅ የሚወጣው ቮልዩሙ እስከ መጨረሻ ሲከፈት ብቻ ነበር። ጥሩ የጊታር ስፒከር አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ያህል ያሰማል፤ 100 ዋት ሲሰጠው ሂሳቡ 120 ይደርሳል። ጆሮ ያለ ጉዳት ሊቆይበት የሚችል ደረጃ አይደለም። በ1975 ማርሻል ማስተር ቮልዩም ያለውን ሞዴል አወጣ። መዛባቱ በትንንሾቹ ቲዩቦች ውስጥ አልቆ፣ ስፒከሩን ለሚገፉት የኃይል ቲዩቦች ምን ያህል እንደሚደርስ ሌላ ማዞሪያ ይወስናል። በ1981 ይኸው ሰርኪት ጄሲኤም 800 የሚል ስም ለብሶ መጣ፤ የስሌየሩ ኬሪ ኪንግ በዚህ ነው የታወቀው። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ካቶዱ ሥር 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ተቀምጧል፤ ይህ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ነው። ቲዩቧ ልትዘጋ ጥቂት ሲቀራት ትቆማለች፣ ስለዚህ የሞገዱን አንዱን ወገን ከሌላው ቀድማ ትቆርጣለች። ሁለቱ ወገኖች እኩል ባለመቆረጣቸው ሀርሞኒኮቹ ይለያያሉ። ይህ ሬዚስተር ወደፊት እንደገና ይመጣል።

ከውቅያኖሱ ማዶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ራንዳል ስሚዝ የሚባል ጠጋኝ የፌንደርን ትንሽ ፕሪንስተን ከፍቶ የትልቁን ቤዝማን ሰርኪትና ባለ 12 ኢንች ስፒከር አስገብቶበት ነበር። ካርሎስ ሳንታና ሞክሮ ወደደው፤ ሜሳ ቡጊ የተባለው ድርጅት ከዚያ ተነሳ። ስሚዝ ቀጥሎ ያደረገው ለሜታል ወሳኝ ሆነ፤ ከነበሩት ደረጃዎች በፊት ተጨማሪ ማጉያ ጨመረ፣ በየመካከሉም ጌይኑን የሚገዛ ማዞሪያ አደረገ። ማርክ የሚባሉት የስሚዝ አምፕሊፋየሮች ሌላም ጠባይ አላቸው። የቤዝ፣ የሚድና የትሬብል ማዞሪያዎቹ የተቀመጡት ከመዛባቱ በፊት ነው።

ይህን በእጅ ካልነኩት ለማመን ያስቸግራል። ማርክ ፊት ቆሞ ቤዙን እንደ ተለመደው ወደ ስድስት ያዞረ ሰው የሚሰማው ልቅና የሚያብጥ ድምፅ ነው፤ በመዳፍ የታፈነው ክር ከተመታ በኋላ ይለጠጣል። ቤዙን ወደ አንድ፣ እንዲያውም ወደ ዜሮ ሲያወርደው ያው ክር ይሰበሰባል፣ እያንዳንዱ ምት ተቆጥሮ ይወጣል፤ ግን የሳሳ ይመስላል። ከዚያ ዕይታው በስተቀኝ ወዳሉት አምስት ተንሸራታች ማስተካከያዎች ይሄዳል፦ 80፣ 240፣ 750፣ 2,200 እና 6,600 ሄርዝ። እነዚህ የሚሠሩት ከመዛባቱ በኋላ ነው። የዳርና የዳሩን ከፍ፣ 750ውን ዝቅ ሲያደርገው ሆሄ «ቪ» ይሠራል፤ በፊት የወሰደው ቤዝ ተመልሶ ይመጣል፣ አሁን ግን ሳይደፈርስ። መቀነስና መመለስ፣ ሁለቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ። ሜታሊካ በ1985 መጨረሻ በኮፐንሃገን ስዊት ሳይለንስ ስቱዲዮ «ማስተር ኦቭ ፐፔትስ»ን ሲቀርጹ የዋናው የጊታር ድምፅ ምንጭ የዚህ ዘር የሆነው ማርክ ቱ ሲ ፕላስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጣ ሜታል ሁሉ በሆነ መልክ የዚያን አልበም ጊታር ሰምቶ ያደገ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ማይክ ሶልዳኖ በ1987 ያወጣው ኤስኤልኦ 100 ሁለቱን ወንዞች አገናኘ። የማርሻልን ባሕርይ ይዞ ደረጃዎችን ጨመረ፤ የማርሻልን 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ 39 ኪሎኦም አሳደገው። ቲዩቧ ይበልጥ ልትዘጋ ቀረበች፣ መቆረጡም ይበልጥ ሹል ሆነ። ይህች 39 ኪሎኦም ከሶልዳኖ ወጥታ ወደ ሌሎች ትላልቅ አምፕሊፋየሮችም ተሰራጨች። ሜሳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ዱዋል ሬክቲፋየር ውስጥ አለች። ፒቪ ለኤዲ ቫን ሄለን በሠራውና በ1992 ለገበያ ባቀረበው 5150 ውስጥም አለች። ኤዲ ቀደም ብሎ ሶልዳኖ ይጫወት ነበርና ይህ አይገርምም። 5150ው ለሮክ ተሠርቶ የሜታል ሆነ፤ በ2004 ሽርክናቸው ሲያበቃ ፒቪ ስሙን ብቻ ወደ 6505 ቀየረው፣ የድርጅቱን የ1965 ልደትና የ2005 አርባኛ ዓመት ለማስታወስ። ለእኔ ከሁሉም በላይ ለጠባብና ፈጣን ሪፍ የተመቸ እሱ ነው። ሬክቲፋየሩ በተቃራኒው ሰፊና ልቅ ነው፤ የቃና ማዞሪያዎቹ ከመዛባቱ በኋላ ስለሚመጡ ቤዙን በዜሮ ቢያስቀምጡት እንኳ ወደ ቲዩቦቹ የገባው ቤዝ አይቀነስም።

እዚህ ላይ ነው ተጫዋቾቹ ራሳቸው መፍትሔ ያገኙት። አይባኔዝ የብሉዝ ሰዎች የሚወዱት ቲዩብ ስክሪመር የሚባል አረንጓዴ ፔዳል ነበረው። ድራይቩን ዜሮ፣ ሌቭሉን ሙሉ አድርገው ከሬክቲፋየሩ በፊት ሰኩት። ፔዳሉ ከ720 ሄርዝ በታች ያለውን ቀስ በቀስ እየቀነሰ የቀረውን ይገፋል፤ መዛባት ከሱ አይፈለግም። አዮሚ በሬንጅማስተር ያገኘውን ነገር ልጆቹ ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ሳጥን አገኙት። ከዚያ ኋላ የድምፅ በር የሚባለው ፔዳል ይመጣል፤ ሺህ ጊዜ የሚባዛ ምልክት ሽውታውም ሺህ ጊዜ ይባዛልና፣ እጅ ሲቆም ዝም የሚያሰኘው ነገር ያስፈልጋል።

ስለ ኃይል ቲዩቦች ብዙ ይወራል፤ እኔ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ኢኤል34 መካከለኛውን ድምፅ ያጎላል፣ 6ኤል6 ታችና ላዩን ያሰፋል ይባላል፤ እውነት አለው፣ ግን ትንሽ ነው። ከ100 ዋት ወደ 50 መውረድም 3 ዴሲቤል ብቻ ይቀንሳል፤ በጆሮ «ትንሽ ዝቅ አለ» ከማለት አያልፍም። የስፒከሩና የሳጥኑ ነገር ግን ሌላ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን በፍጥነት ይጥላል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ትልቁ ውለታው ነው። የማንኛውንም ሃይ ጌይን አምፕሊፋየር ምልክት ያለ ስፒከር በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሰካ ሰው የሚሰማው የሚቧጥጥ ጩኸት ነው። አራት ባለ 12 ኢንች ሴለስቸን ቪንቴጅ 30 ያለው ሳጥን የመጨረሻው ቀናሽ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው አምፕሊፋየር ከመለወጡ በፊት ስፒከር ቢለውጥ የበለጠ ያተርፋል።

ቲዩብ ብቻ ነው ሜታል የሚያሰማው የሚለውንም አልቀበልም። የፓንቴራው ዳይምባግ ዳረል በ1990ዎቹ ሁሉም የሚቀናበትን ድምፅ ያወጣው በራንዳል ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ነው፤ አንድም የምትግል ጠርሙስ አልነበረውም። ቲዩብ የሚወደድበት ምክንያት አለው፣ ከመጠን ሲያልፍ ወደ መቆረጡ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ለፒኩ ጉልበት መልስ ይሰጣል፤ ዋናው ነገር ግን መቀነሱ የት እንደተደረገ ነው፣ ዳይምባግም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

በቲዩብ መጫወት ዛሬ የጂኦግራፊም ጉዳይ ነው። የዓለም ገበያ ከጥቂት ፋብሪካዎች ላይ ተንጠልጥሏል፤ በሩስያ ሳራቶቭ፣ በስሎቫኪያ ቻድጻ፣ በቻይና። በ2022 የሩስያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ከሳራቶቭ የሚወጣው ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ የቲዩብ ዋጋ በየአገሩ ሰማይ ነካ። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው አምፕሊፋየር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ላይ 220 ቮልት ውስጥ በቀጥታ ቢሰካ ለ6.3 ቮልት የተሠራችው የቲዩቧ ማሞቂያ ሽቦ ከ11 ቮልት በላይ ይደርስባታል፤ ፊውዙ ቀድሞ ካልተቃጠለ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ መኖሩን ማየት፣ ከሌለም አቅሙ የሚመጥን መቀነሻ ትራንስፎርመር መግዛት የግድ ነው። ከሶኬት ቢነቀልም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ አስተማሪ ሳይኖር ክዳኑን መክፈት ሕይወት ያስከፍላል።

ለዚህ ሁሉ አቅም የሌለው ሰው ዛሬ ፖድ ከሚባለው የ1998 መሣሪያ ጀምሮ ፍራክታልና ኬምፐር በሚባሉት በኩል የመጣው የዲጂታል መንገድ አለው። ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ደረጃ፣ እያንዳንዱን ካፓሲተር፣ ያቺን 39 ኪሎኦም ሬዚስተር ሳይቀር በሂሳብ ያስመስላሉ። ስለዚህ የሚጠይቁትም ያንኑ ዕውቀት ነው፤ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ያለ ሬክቲፋየርም ከፊቱ ወፍራሙን የሚቀንስለት ይፈልጋል።

ጌይኑን በተመለከተ ስቱዲዮ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። የሜታል ሪትም ጊታር አንድ ጊዜ ብቻ ተቀርጾ አይቀርም። ያው ሰው ያንኑ ሪፍ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ይጫወታል፤ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ሀርሞኒክና የራሱን ሽውታ ይዞ ስለሚመጣ ሲደራረቡ መዛባቱም ይደራረባል፤ ለብቻው ሲሰማ ልክ የነበረው ጌይን አራቱ ሲገናኙ ግድግዳ ሳይሆን ጭጋግ ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያለው መሐንዲስ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት የተጫዋቹን ጌይን ያወርደዋል፤ መድረክ ላይ ሰባት ላይ የነበረውን አራት ወይም አምስት ላይ ያቆመዋል። ተጫዋቹ መጀመሪያ ይከፋዋል፣ ክሩ የሚከብደው ይመስለዋል፣ የፒኩን ስሕተት ሁሉ ይሰማል። በደንብ መምታት ግድ ይሆንበታል፤ በመዳፉ የሚያፍነውም ይበልጥ ተጠንቅቆ ነው። አራቱ ቅጂዎች አንድ ላይ ሲከፈቱ ግን ከነበረው የከበደ ጊታር ይሰማል።